ከአዲስ አበባ የመጣ ጭነት ስቶር ሳይገባ ቀጥታ ቢከፋፈልስ? ባህር ዳር ላይ የሞከረው አለ?

መጋዘን_ማዶ
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አባይ ማዶ ያለ አንድ መጋዘን ላይ የስርጭት ፕላን የምሰራ ነኝ። ሳሙና፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ብስኩት ምናምን ነው የምናከፋፍለው። እቃው ከአዲስ በተሳቢ ይመጣል፣ ስቶር እናስገባዋለን፣ ከዛ በነጋታው ወይ በሶስተኛው ቀን በኤፍኤስአር (አይሱዙ የጭነት መኪና) እየከፋፈልን በአንድ በኩል መራዊ ዳንግላ እንጅባራ በሌላ በኩል ሀሙሲት ወረታ ደብረ ታቦር እንልካለን።

አለቃችን አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ መጣና አሁን አፉ ላይ ያለው ቃል ክሮስ ዶክ ብቻ ሆነ። ከተሳቢው ወርዶ ቀጥታ አይሱዙ ላይ ይጫን፣ ስቶር ምን ያደርጋል፣ ለአንድ ካርቶን አንዴ ለማስገቢያ አንዴ ለማውጫ ለምን እከፍላለሁ ነው የሚለው። ዋልማርት (የአሜሪካው ትልቅ የሱቅ ድርጅት) በዚህ ነው ያደገው ይላል። እኔም ሀሳቡን ወድጄዋለሁ አልዋሽም፣ ስቶራችን እኮ ሞልቶ ሰው የሚያልፍበት የለውም።

ሁለት ጊዜ ሞከርነው ሁለቱም ጊዜ ጉድ ሆንን። በመጀመሪያው ተሳቢው ጠዋት 2 ሰዓት ይደርሳል ተብሎ ሶስት አይሱዙ ከ1 ሰዓት ጀምሮ አሰልፌ ቆምኩ፣ የጫኝና አውራጅ ልጆችም መጡ፣ መኪናው የደረሰው ከቀኑ 11 ሰዓት! የአይሱዙዎቹን የውሎ ከፈልን፣ ልጆቹ ተበትነው ሌላ ስራ ሄደው ነበር እንደገና በልመና ሰበሰብናቸው፣ በዛ ማታ ማንም ወደ ዳንግላ አይነሳም ስለዚህ እቃው ተመልሶ ስቶር ገባ። ማለትም ሁለቴ ላለመክፈል ብለን ሶስቴ ከፈልን።

በሁለተኛው መኪናው በሰዓቱ መጣ ግን ጎደለ። የዳንግላ ደንበኛችን 120 ካርቶን ዘይት አዞ ነበር፣ ከተሳቢው የወረደው የሱ ድርሻ 80 ነው፣ 40ውን ከስቶር ሞልቼ በነጋታው በሌላ መኪና ላክሁለት። ሰውዬው ተናደደ፣ ሙሉ ሳይመጣ ለምን ሰው አስቆማችሁኝ አለ፣ ሙሉ እስኪሆን አልከፍልም ብሎ 80ውንም ሳይከፍል ቆየ። ሂሳብ ክፍል ደግሞ በአንድ ትእዛዝ ሁለት ማስረከቢያ አይቶ እኔን ሊበላኝ ደረሰ።

ጥያቄዬ፣ መኪናው መቼ እንደሚደርስ በማይታወቅበት ሀገር ክሮስ ዶክ ይሰራል ወይ? ሁለተኛ፣ የአንድን ደንበኛ እቃ ከፋፍሎ መላክ መቼ ነው የሚያዋጣው? ነው ወይስ ጭራሽ መከልከል አለበት? የሰራችሁበት ካላችሁ እስቲ።


ተሳቢ_በሌሊት
ሰኞ፣ ማታ 3፡25

ወንድሜ 2 ሰዓት ይደርሳል ያለህ ማነው? ሹፌሩ ነው ወይስ አዲስ አበባ ቢሮ የተቀመጠው ሰውዬ? 11 ዓመት ይቺን መንገድ ተመላልሼባታለሁ፣ ቢሮ ያለው ሰው ሁሌም መኪናው ከግቢ የወጣበትን ሰዓት ይዞ ደምሮ ነው የሚነግርህ።

ከአዲስ ባህር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ችግሩ ኪሎ ሜትሩ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የአባይ በረሃ ብቻውን 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ 400 ኩንታል ይዘህ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ነው የምትወርደው፣ ፍሬን ከሞቀ ቆመህ ታቀዘቅዛለህ፣ ዳገቱ ላይ አንድ መኪና ከተበላሸ ከኋላው ሁላችንም ተሰልፈን ነው። መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ ጭራሽ ባናወራው። ስለዚህ ከአዲስ ስነሳ መቼ ትደርሳለህ ብትለኝ የምነግርህ ውሸት ነው፣ ለማስደሰት ነው።

ግን ደብረ ማርቆስ ሆኜ ብትጠይቀኝ እውነቱን እነግርሃለሁ። ከማርቆስ ባህር ዳር 260 ምናምን ነው፣ የተጫነ ተሳቢ 6 ወይ 7 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ከዛ በኋላ ብዙም የሚያስቆም ነገር የለም። አይሱዙህን ያን ጊዜ ጥራ።


መጋዘን_ማዶ
ሰኞ፣ ማታ 3፡41

እንዴ! በዚህ ልክ ቀላል ነገር ነው? እኔ ጂፒኤስ እንግዛ ብዬ ፕሮፖዛል ልጽፍ ነበር 😂


ተሳቢ_በሌሊት
ሰኞ፣ ማታ 3፡48

ጂፒኤሱንም ግዙ ማን ከለከላችሁ፣ ግን ማርቆስ ላይ ለቁርስም ለምሳም የማይቆም ሹፌር የለም። ሽሮዬን ስበላ አንድ ስልክ መደወል ምንድነው። ካርድ ብቻ ሙሉልን።


የስቶሯ_ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 4፡10

እኔ ስቶር ኪፐር ነኝ (ፔዳ አካባቢ፣ የማን እንደሆነ አልናገርም) እና ሁሌ የሚገርመኝ ክሮስ ዶክ ሲባል ሰው ቆጠራ የሚቀር ይመስለዋል። አይቀርም! እንደውም ይብሳል። ስቶር የገባ እቃ ቢጎድል ነገ ቆጥረህ ታገኘዋለህ፣ ከመኪና ወደ መኪና የተገለበጠ እቃ ከጎደለ ግን የአዲሱ ሹፌር አልጫንኩም ይላል የኛ ሹፌር አልተረከብኩም ይላል ደንበኛው አልደረሰኝም ይላል፣ መጨረሻ ላይ ከማን ደሞዝ እንደሚቆረጥ ታውቃለህ።

አንድ ጊዜ የፈሰሰ የዘይት ጀሪካን ከተሳቢ ወደ አይሱዙ ቀጥታ ተገለበጠ፣ ከስሩ የነበረው ብስኩት በሙሉ ራሰ፣ ያየነው ደብረ ታቦር ላይ ነው። ስቶር ቢገባ ኖሮ መሬቱ ላይ ዘይቱን እናየው ነበር።

እኛ አሁን የምናደርገው፣ የስቶሩ በር ጋ ያለውን ባዶ ቦታ በኖራ አስምረን በየከተማው ከፍለነዋል። ተሳቢው ሲደርስ እቃው መሬት ይነካል፣ ግን ስቶር አይገባም አይደረደርም፣ በየመስመሩ ይቀመጣል፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ የተበላሸ አወጣለሁ፣ ከዛ አይሱዙው መስመሩ ጋ ቂጡን ሰጥቶ ይጭናል። አንድ ሰዓት ቢዘገይ ነው። ደረሰኙ ግን ሙሉ ነው፣ መቀበያም እቆርጣለሁ ማውጫም እቆርጣለሁ፣ ቢን ካርድ (የእቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) ላይ ገብቶ ወጥቷል። አንዳንዱ "ስቶር ስላልገባ መቀበያ አያስፈልግም" ይላል፣ ኦዲተር ሲመጣ ያያታል።

እና እባክህ ሳሙናና ዱቄት ጎን ለጎን አታስቀምጥ። ሻይ ቅጠልም። ስቶር ውስጥ ለያይተን የምናስቀምጠው እቃ መስመር ላይ ሲሆን ሁሉም ይረሳዋል፣ ከዛ ሰው ሳሙና ሳሙና የሚል ዳቦ ይበላል።


ጋሼ_ቅዳሜገበያ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

ልጆች እንዴት አደራችሁ። ይሄ ክሮስ ዶክ የምትሉት ነገር ስሙ ነው አዲስ እንጂ እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሮ ሲሰራ አይቻለሁ። ጣና ዳር ሂዱ በጠዋት፣ ቀረሶው አምባዛው ከታንኳ ይወርዳል፣ እዛው ዳር ላይ ይከፋፈላል፣ ሶስት ሰዓት ሳይሞላ ሆቴሉም ጋ ሱቁም ጋ ደርሷል። ዓሳ ስቶር አስገባና እስቲ እየው! ቲማቲም ከቆጋ ሲመጣም እንደዛው ነው፣ ከመኪናው ላይ እንዳለ ነው የሚሸጠው።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ዓሳው ገዢው ቀድሞ ቆሞ ይጠብቀዋል። የናንተ ሳሙና ግን ከአዲስ ሲነሳ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ተሳቢው ላይ 2000 ካርቶን አለ፣ የትኛው የዳንግላ ነው የትኛው የወረታ ነው ማንም አልወሰነም፣ እዚህ ደርሶ ነው የምትካፈሉት፣ በጩኸት። ባለቤቱ ያልታወቀ እቃ ደግሞ ማደሩ አይቀርም።


ሲስተም_ሰሪ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

ጋሼ ያሉት በትክክል ነው፣ በመጽሐፍ ቋንቋም ሁለት አይነት ነው የሚባለው። አንደኛው ላኪው ቀድሞ ለየደንበኛው ለይቶ ምልክት አድርጎ የሚልከው፣ ሁለተኛው ዝም ብሎ በጅምላ መጥቶ እዚህ በር ላይ የሚመደበው። የመጀመሪያው መገልበጥ ብቻ ነው። ሁለተኛው ላይ ስራው በሙሉ እናንተ ላይ ነው፣ መኪና ቆሞ እየጠበቃችሁ ነው የምታስቡት።

ዋልማርትን አለቃህ ካነሳው የቀረውንም ንገረው፣ በ1987 እኤአ የራሳቸውን የሳተላይት መገናኛ መረብ ነው የዘረጉት። ሱቁ ምን እንደሸጠ መኪናው የት እንደደረሰ አስቀድመው ስለሚያውቁ ነው ስቶር ሳይገባ ያለፈላቸው። እኛ ዶኩን ቀድተን መረጃውን ትተነው ነው እኮ። ያንተ ሳተላይት ማርቆስ ሽሮ የሚበላው ሹፌር ነው 😄

ስለ ሲስተሙ። ኦዱ (የሽያጭና የስቶር ሶፍትዌር) ከሆነ የምትጠቀሙት ክሮስ ዶክ የሚባል ሩት (እቃው የሚሄድበት መስመር) አለው፣ ግን መቀበያውንም መላኪያውንም በሁለት በሁለት ደረጃ ካላደረግከው አይታይህም፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው የሚጠፋው። ሌላው ሽያጭ ትእዛዙ ላይ የመላኪያ ፖሊሲ የሚል ቦታ አለ፣ "እንደተገኘ ላክ" ወይም "ሁሉም ሲሟላ ላክ"። ያንተ ዳንግላ ደንበኛ "ሁሉም ሲሟላ" ላይ መሆን ነበረበት። እንደተገኘ ካልከው 80ውን ስታረጋግጥ ለ40ው ሌላ የማስረከቢያ ወረቀት ይከፈታል፣ ሂሳብ ክፍልህ ያየው እሱን ነው። ሲስተሙ አልተሳሳተም፣ ማንም አልጠየቀውም እንጂ።


የስቶሯ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

ደረሰኙም ላይ ተጠንቀቁ። በከፊል በላክን ቁጥር ደረሰኝ ሲቆረጥ አንድ ሽያጭ ለሁለት ለሶስት ይከፈላል፣ ከዛ ግብር ላይ ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከክፍያው ቀንሶ የሚያስቀረው ግብር) ለመሸሽ ብላችሁ ነው የከፈላችሁት ትባላላችሁ። ትእዛዙ አንድ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ሁለቱም ወረቀት ላይ ይኑር።


ፖሊ_ሎጂስቲክስ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡05

እስቲ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ልምጣ፣ እኔን የሚበላኝ እሱ ነው፣ ሰው ሁሉ ከፋፍሎ መላክን እንደ ጥፋት ነው የሚያየው። ልክ አይደለም። አንዳንዴ ሆን ብለህ ነው የምትከፍለው፣ እቃ ስለጎደለ ሳይሆን መኪና ለመቆጠብ።

ምሳሌ ከራስህ መንገድ ልውሰድ። ኤፍኤስአሩ 60 ኩንታል ይጭናል እንበል። መራዊ 40፣ ዳንግላ 40፣ እንጅባራ 40 ኩንታል አዘዋል። ለአንድ ደንበኛ አንድ መኪና ካልክ ሶስት መኪና ያስፈልግሃል፣ እያንዳንዱ ሲሶው ባዶ ሆኖ ይሄዳል። ሁለቱን ደንበኛ አንድ ላይ ልጫን ብትል 80 ነው አይገባም። ጠቅላላው ግን 120 ነው፣ ማለት ልክ ሁለት መኪና! አንዱን ደንበኛ፣ ዳንግላን እንበል፣ ለሁለት ከከፈልከው ሶስተኛው መኪና ይቀራል።

በኪሎ ሜትር በግምት መራዊ 35፣ ዳንግላ 80፣ እንጅባራ 120 አድርገው። ሶስት መኪና ደርሶ መልስ 70 እና 160 እና 240፣ 470 ኪሎ ሜትር። በሁለት መኪና 160 እና 240፣ 400 ነው።

ይሄ ነገር በጥናት የታወቀ ነው፣ ድሮርና ትሩዶ የሚባሉ ሰዎች በ1989 እኤአ ነው ያነሱት። በኋላ በ2006 አርኬቲ፣ ሳቬልስበርግና ስፔራንዛ ያሳዩት ደግሞ ከፋፍሎ መላክ ቢበዛ ቢበዛ ወጪውን በግማሽ እንደሚቀንስ ነው፣ ከዛ በላይ አይሄድም። እና በጣም የሚያዋጣው የደንበኞች ትእዛዝ ከመኪናው ግማሽ ትንሽ በለጥ ሲል ነው፣ ከግማሽ እስከ ሶስት ሩብ ድረስ፣ ሁሉም ተቀራራቢ ሲሆን። ትእዛዙ ትንንሽ ከሆነ ሳትከፍለውም አጣምረህ ትጭነዋለህ።


ተሳቢ_በሌሊት
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20

ፖሊ ሂሳቡን ወደድኩት ግን 70 ኪሎ ሜትር ነዳጅ ብዙ አይደለም። ዳንግላ ያለው ሰውዬ ግን ሁለቴ ሱቅ ዘግቶ ሁለቴ አውራጅ ይጠራል፣ አውራጆቹ ደግሞ 20 ኩንታልም ሆነ 40 ከአንድ ሂሳብ በታች አይነሱም። እሱን ማን ደመረው?


ፖሊ_ሎጂስቲክስ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

ልክ ነህ አልደመርኩትም። ግን ትርፉ 70 ኪሎ ሜትሩ አይደለም፣ ሶስተኛው መኪናና ሶስተኛው ሹፌር ነው፣ እሱን በዛ ቀን ወረታ ትልከዋለህ።

እና አንድ ነገር ልጨምር፣ ማን ይከፈል የሚለውን መምረጥ ትችላለህ እኮ። ዳንግላን መክፈል የለብህም። ሁለቱም መኪና መራዊን አልፎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንዱ እንጅባራ 40 እና መራዊ 20፣ ሌላው ዳንግላ 40 እና መራዊ 20 ይጫን። ኪሎ ሜትሩ ያው 400 ነው አይጨምርም። የመራዊው ከኋላ በኩል መጨረሻ ላይ ይጫናል መጀመሪያ ስለሚወርድ። ሁለቱ መኪና ተከታትለው ከተነሱ ደግሞ መራዊ ላይ የሚደርሱት በአንድ ሰዓት ነው፣ አውራጁ አንዴ ይጠራል፣ ደንበኛው 40 ኩንታሉን አንዴ ቆጥሮ ይፈርማል። ለሱ ተከፍሎ አልመጣም፣ የተከፈለው ያንተ ፕላን ላይ ብቻ ነው።


ተሳቢ_በሌሊት
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡52

ይቺ ጥሩ ናት። ይቺን ገዛሁ።


ደቅ_ሱቅ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

እናንተ መኪና ለመኪና ታወራላችሁ፣ እኔ ደቅ ደሴት ላይ ሱቅ አለኝ ቀጣዩ ነገር ጀልባ ነው 🙂

እኛ ጋ እቃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ ጀልባው በጠዋት ይነሳል ምክንያቱም ከሰዓት ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል ማዕበሉ እቃም ሰውም አያስቀምጥም። አከፋፋዮች ባህር ዳር ላይ "ግማሹን አሁን ላክንልህ ቀሪውን ነገ" ይሉኛል። የምን ነገ? የኔ ነገ ሳምንት ነው! እሱም ብቻ አይደለም፣ ከስቶር እስከ ጀልባው ባጃጅ እከፍላለሁ፣ ወደ ጀልባ የሚሸከም እከፍላለሁ፣ ደቅ ላይ ደግሞ የሚያወርድ እከፍላለሁ። 14 ካርቶን በአንዴ ሲመጣና 9 እና 5 ሆኖ ሲመጣ የኔ ወጪ እጥፍ ነው፣ ትርፌ እዛው ያልቃል።

እና የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ልናገር፣ እቃ ሲጎድል ሁሌም የሚጎድለው ከትንሹ ነው። ትልቁ ሱቅ 120 ካርቶን ስላዘዘ ይሞላለታል፣ የኔ 14 ወደ 9 ይወርዳል፣ 5 ካርቶን ለሱ ምንም አይደለም ለኔ ግን የሳምንት ገበያዬ ናት። እናንተ ፕላን የምትሰሩት ልጆች እስቲ ይሄን አስቡት።


ጋሼ_ቅዳሜገበያ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

እውነቱን ነው ልጁ። እኔም ሲጎድልብኝ እንደዛ ሳደርግ ኖሬያለሁ፣ ትልቁ ደንበኛ እንዳይቆጣ ተብሎ። ትልቁ ግን ሁለት ቀን ቢጠብቅ ስቶሩ ውስጥ እቃ አለው፣ ትንሹ ነው ባዶ መደርደሪያ ይዞ የሚቀረው።


መጋዘን_ማዶ
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10

ደቅ_ሱቅ ይቅርታ፣ እኔም ያደረግኩት ይሆናል፣ ሲስተሙ ላይ የምመድበው በትእዛዝ ብዛት ነው ከትልቁ ጀምሬ። እውነት ለመናገር ለምን እንደዛ እንደማደርግ አስቤው አላውቅም፣ ከኔ በፊት የነበረው ሰው እንደዛ ስለሚያደርግ ነው።

ደግሞ ጥያቄ፣ የጫኝና አውራጅ ሂሳቡን እንዴት ትደራደራላችሁ? የኛዎቹ ልጆች በኖራ መስመር ብናደርግም ማውረድ ለብቻ መጫን ለብቻ ነው ይሉናል፣ እንደዛ ከሆነ አለቃዬ ያሰበው ቁጠባ ጠፋ።


የስቶሯ_ልጅ
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡35

ልክ ናቸው እኮ፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚሸከሙት! ከተሳቢ አውርዶ መሬት፣ ከመሬት አንስቶ አይሱዙ። የሚቀርላቸው ስቶር ውስጥ ድረስ መሄዱና ወደ ላይ መደርደሩ ነው። እኛ የተስማማነው ማውረዱ ሙሉ ሂሳብ መጫኑ ቀነስ ብሎ ነው። በጣም አትጭመቃቸው፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ መኪና ሲመጣ የምትለምናቸው እነሱን ነው።

መኪናን ከመኪና ገጥሞ ቀጥታ መገልበጥ ሙሉ ካርቶኑ የአንድ ደንበኛ ለሆነ ብቻ ነው የሚሆነው። ድብልቅ ከሆነ ለየት አድርጎ ለመፈለግ ብቻ ተሳቢውን ግማሽ ቀን ታቆመዋለህ፣ ባለተሳቢው ደግሞ ዝም አይልህም።


መድሃኒት_በብርድ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡15

ከመድሃኒት ስርጭት በኩል ትንሽ ልበል። እኛ ጋ የሚያልፍ እቃ ሁሉ ባች ቁጥር (የተመረተበት ዙር ቁጥር) እና የሚያበቃበት ቀን ሳይመዘገብ በር አይወጣም፣ ቶሎ የሚያልፍበት ቀድሞ ይወጣል ነው ህጉ። ክሮስ ዶክ እዚህ ላይ ወጥመድ አለው፣ አዲስ የመጣው እቃ ስቶር ካለው በኋላ የሚያልፍ ከሆነና አንተ አዲሱን ቀጥታ አሳልፈህ ከላክኸው፣ አሮጌው ስቶር ውስጥ ተቀምጦ ያልፍበታል። ብስኩትና ፓስታም ላይ ያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስቶር ያለውን ተመልከት፣ ደንበኛው ከስቶር ይውሰድ፣ የመጣው ቦታውን ይተካ።

ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሆነ የኖራ መስመር ላይ አንድ ሰዓት የሚባል ነገር የለም፣ ከቀዝቃዛ ወደ ቀዝቃዛ ነው። እሱን ግን እናንተ አያስፈልጋችሁም።


ሲስተም_ሰሪ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡40

መድሃኒት_በብርድ ያለው ለመጀመሪያው ጥያቄም መልስ ነው ልብ በሉ። በፍጥነት የሚሄደውን እቃ (ዘይት፣ ሳሙና) ትንሽ መጠባበቂያ ስቶር ውስጥ ካስቀመጥክ፣ ተሳቢው ቢዘገይም አይሱዙው ከመጠባበቂያው ጭኖ ይሄዳል፣ ተሳቢው ሲደርስ መጠባበቂያውን ይሞላል። ክሮስ ዶክ የምታደርገው ቀድሞ የተሸጠና በርከት ያለ ትእዛዝ ብቻ። ሁሉንም ክሮስ ዶክ እናድርግ ማለት የመንገዱን ችግር በሙሉ ወደ ደንበኛው ማስተላለፍ ነው።


መጋዘን_ማዶ
እሁድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማታ 2፡00

መጣሁ። ጠፍቼ አልነበረም፣ እየሞከርኩ ነበር።

አራት ተሳቢ መጣልን ከዛ ወዲህ። አሁን አዲስ አበባ ያሉት የእንጅባራና የደብረ ታቦር ሙሉ ትእዛዝ ብቻ ለይተው ከኋላ በኩል ይጭኑታል በቀለም ምልክት፣ ሌላው እንደድሮው በጅምላ። አይሱዙ የምጠራው ማርቆስ ሲደወል ነው። ሶስቱ ደወሉ፣ አንዱ ሹፌር ስልኩ ጠፍቶ ሳናውቅ በር ላይ መጥቶ ቆመ 😅 እሱን እንደድሮው ስቶር አስገባነው ምንም አላለቀስንም።

ከሶስቱ ሁለቱ ከማርቆስ በ7 ሰዓት ገደማ ደረሱ፣ ሶስተኛው 10 ሰዓት ፈጀበት ግን ዳንግላ ላይ ጎማ ፈንድቶ ነው ደውሎ ነግሮናል። አንድም የአይሱዙ ውሎ አልከፈልንም። አለቃዬ ደስ አለው ግን "ታዲያ ስቶሩን ለምን አናከራየውም" ማለት ጀምሯል፣ ኧረ ተው ጋሼ ብዬዋለሁ።

የመራዊዋን ነገር አንዴ ሞከርናት። ሁለቱ መኪና ተከታትለው ተነሱ፣ አንዱ ግን ሹፌሩ ከከተማ ሳይወጣ ጫት ሊገዛ ቆሞ 50 ደቂቃ ዘገየ። የመራዊው ደንበኛ የመጀመሪያውን 20 ኩንታል አውርዶ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ደወለልኝ፣ ቀሪው መንገድ ላይ ነው ስለው አላመነኝም፣ ሲመጣለት ግን ከፈለ። ስለዚህ ፖሊ ሂሳብህ ሰርቷል፣ ጫቱን ግን አልደመርከውም።


ፖሊ_ሎጂስቲክስ
እሁድ፣ ማታ 2፡10

😂😂 በሚቀጥለው ምርምሬ አስገባዋለሁ


ጋሼ_ቅዳሜገበያ
እሁድ፣ ማታ 2፡30

የዳንግላው ሰውዬስ ከፈለ?


መጋዘን_ማዶ
እሁድ፣ ማታ 2፡34

ከፈለ ጋሼ። ሲስተሙ ላይ ሁሉም ሲሟላ ላክ አድርጌዋለሁ እሱን። ለሁሉም ደንበኛ ደውዬ ጠየቅኩ፣ የሚገርመው ግማሹ "ያለውን ላክ እኔ ሱቄ ባዶ ነው" ነው ያሉኝ፣ ግማሹ ደግሞ ሙሉ ካልሆነ እንዳታመጣ። ከዚህ በፊት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። አሁን በየስማቸው ላይ ተጽፏል።

ሲጎድል ደግሞ አሁን የማደርገው መጀመሪያ ከ20 ካርቶን በታች ያዘዙትን በሙሉ እሞላለሁ፣ የቀረውን ትልልቆቹ በያዘዙት ልክ ይካፈላሉ። አንድ ትልቅ ደንበኛ ተቆጥቷል። ለአለቃዬ ሁሉንም ትንንሽ መሙላት ከ120ው ላይ ስንት እንደሚቀንስ ቁጥሩን አሳየሁት፣ ዝም አለ። ዝም ካለ ተፈቀደ ማለት ነው እኛ ጋ።

ደቅ_ሱቅ ያንተ አከፋፋይ እኛ ሳንሆን አንቀርም ብዬ ደብተሩን አየሁት 🙈 14 ካርቶን ሳሙናህ ከመጠባበቂያው ወጥቶ በር ጋ ለብቻው ተቀምጧል። ጀልባው መቼ ነው?


ደቅ_ሱቅ
እሁድ፣ ማታ 3፡15

አውቄህ ነበር እኮ ከመጀመሪያው ጽሁፍህ፣ ዝም ብዬህ ነው 😄 ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት። ባጃጁን እኔ እልካለሁ። 13 ከሆነ እንዳትልከው፣ ደውልልኝ።